ሞተሩን ያላጠፋው ሹፌር

ሸረፋ ሲወለድ እንኳ አዋላጇን አልጠበቃትም ይባላል። ሴትዮዋን ሊጠራ የሄደው ሰው እሷን አስከትሎ ሲመለስ ልጁ ተወልዶ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ እየጮኸ ነበር። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ምንም አልተለወጠም። ሲበላ ያየው ሰው የሰው ምግብ ሰርቆ የሚበላ ይመስለዋል። ፀጉር ቤት ተራ ከመጠበቅ ጎፈሬውን ይዞ መዞር ይመርጣል። ሶላት ላይ ኢማሙ ሱራ ሲያስረዝሙ ተረከዙን ያነቃንቃል ብሎ ያማው ደግሞ ከጎኑ የሚሰግደው የገዛ ጎረቤቱ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ሹፌር ሆነ። ዶልፊን ሚኒባስ ይዞ ከእንሴኖ ቡታጅራ፣ ሲቀናውም ከቡታጅራ ወልቂጤ ይመላለሳል። እንደ ቀስት ይነዳል። ለምን እንደሚፈጥን ግን ጠይቃችሁ የምትረኩበት መልስ አታገኙም። ለሥራው ብሎ ነው እንዳትሉ፣ መናኸሪያ ውስጥ የሚጫነው በተራ ነው። ነፍሱን ሰጥቶ አስር ደቂቃ ቀድሞ ይደርስና መኪናው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ሙሉ በሩን ተደግፎ ይቆማል። ቁልፉን እያቅጨለጨለ፣ ተራ አስከባሪውን እየተነዛነዘ፣ አሥር ጊዜ ሰዓቱን እያየ።

"ታዲያ ምን አጣደፈህ?" ይሉታል።

"ከፊቴ መኪና ሲሄድ ያሳክከኛል" ይላል።

እውነቱን ነው። ከፊቱ ያለ መኪና ሁሉ ስሙን ጠርቶ የሰደበው ይመስለዋል። ሲያልፈው ልቡ ይረካል፤ እርካታው ግን የሚቆየው ቀጣዩ መኪና እስኪታይ ብቻ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ቀጣው፣ ከፈለና ቀጠለ። ኢማሙ ጁምዓ ቀን ስሙን ሳይጠሩ ወቀሱት፤ የሚናገሩት ስለ ሌላ ሹፌር መስሎት ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ዘመድኩን የሚባል ወዳጁ ወልቂጤ መግቢያ ላይ ተገልብጦ ሁለት እግሩ በጄሶ ታስሮ ሲያየው ዕንባው መጣ፤ አንድ ሳምንት እንደ ሰው ነዳ። በስምንተኛው ቀን አንድ አይሱዙ ደርቦት አለፈ። በቃ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሸረፋ ሁለት የሚኮራባቸው ነገሮች ነበሩት። አንደኛው ተሳፋሪዎቹ ናቸው። "የኔ መኪና መስጊድ ናት" ይላል። ከእንሴኖ ወጥቶ ሦስተኛ፣ አራተኛ ማርሽ ሲያስገባ ከኋላው ድምፅ ይጀመራል። መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ መኪናው በሙሉ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ይላል። መሀላቸው ጴንጤ ካለ እሱም "በኢየሱስ ስም" እያለ በራሱ በኩል ይጸልያል። "በሌላው መኪና ሰው ስልኩን እየጎረጎረ ነው የሚሄደው" ይላል ሸረፋ፤ "በኔ ግን ዚክር ነው፤ ሲወርዱ እንኳ አልሐምዱሊላህ ሳይሉ አይወርዱም።" ሹፌሮቹ እርስ በርስ ይተያዩና ዝም ይሉታል።

ሁለተኛው የዓምናው ገድሉ ነው። ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራ ሲሄድ አንድ ሲኖትራክ ከፊቱ ተገትሮ መንገድ ዘጋበት። ሸረፋ ወጣ ሲል ከወዲያ ማዶ የፈረስ ጋሪ እየመጣ ነው። "በቀኜ ሲኖ፣ በግራዬ ጋሪ፣ መሀል ለመሀል ሹልክ!" ይላል እጁን እያሾለከ። ዑመይር የሚባለው ተቀያሪው ሹፌር ይሄን ታሪክ ሃያ ጊዜ ሰምቶታል፤ ሁልጊዜም እንደ አዲስ ይስቃል። ዑመይርን መሪ ያስያዘው ራሱ ሸረፋ ነው፤ ሸረፋ ሲያመው ወይም ጉዳይ ሲኖረው ዶልፊኗን የሚነዳው እሱ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ የሸረፋን እናት ሰፍያን አላህ ለሐጅ ወፈቃት። ሐሙስ ጠዋት ከእንሴኖ ተነስታ አዲስ አበባ ትገባለች፣ ከዚያ በአውሮፕላን ትሄዳለች። እናትን ለሐጅ መሸኘት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መንደሩ በሙሉ ይወጣል፣ መንዙማ ይባላል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። ሹፌር ልጅ ያላት እናት ደግሞ በልጇ መኪና ጋቢና ተቀምጣ ነው የምትሄደው፣ ሌላ ምን ይጠበቃል? ሸረፋ የወንበር ጨርቆቹን አሳጥቦ ነበር።

ሰኞ ቀን ቡታጅራ መናኸሪያ ቆሞ ሳለ ግን ጋሽ ጀማሉ ለተራ አስከባሪው "ሐሙስ እንዳትጠብቀኝ፣ ሰፍያን አዲስ አበባ አደርሳለሁ" ሲሉ ሰማ።

ጋሽ ጀማሉ ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው። መኪናቸውም ከሳቸው ብዙም አታንስም። ከስልሳ በላይ ነድተው አያውቁም፤ ሹፌሮቹ "ጀማሉ ጋር የሚገባ ስንቅ ይያዝ" ይሏቸዋል። ሸረፋ ጆሮው ጋለ። ሄዶ ከፊታቸው ቆመ።

"የማንን እናት ነው የሚያደርሱት ጋሽ ጀማሉ?"

"ያንተን። አልነገረችህም?"

"ልጇ እያለሁ?"

"እኔን ምን ትላለህ? ለምናኝ ነው።"

ሸረፋ ያን ጊዜ አንድ ነገር ታሰበው። ጠዋት ጠዋት እንሴኖ መንገድ ዳር እናቱን ሲያያት ክላክስ ይነፋላታል፤ እሷ በእጇ ሂድ፣ ሂድ ትለዋለች። ሰው የምትጠብቅ ይመስለውና ነዳጅ ሰጥቶ ይሄዳል። ስንት ጊዜ ሆነ? ወር? ስድስት ወር?

"ካንተ ጋር መሄድ ከተወች ዓመት አለፋት" አሉ ጋሽ ጀማሉ። "አንተን ታሳልፍና እኔን ትጠብቃለች።"

"ለምን?"

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስማ ልጄ። ያ ዚክር የምትለው ነገር አለ አይደል? ሰዎቹ ሸሃዳ ነው የሚያወርዱት። ሰው ሊሞት ሲል ምንድነው የሚለው? 'ሸሃዳ ሳንል እንዳንቀር' እያሉ ነው አንተ መኪና ውስጥ የሚገቡት። ከተማው በሙሉ ይሄን ያውቃል። አንተ ስትኮራበት ምን ብለን እንንገርህ?"

ሸረፋ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሳቅ ብሎ ሊያልፈው ፈለገና አቃተው። "ቅናት ነው" አለና ሄዶ መኪናው ውስጥ ገባ። ተራው ሳይደርስ፣ አንድም ተሳፋሪ ሳይጭን፣ ወደ እንሴኖ በረረ። ብቻውን ነበርና ከኋላው የሚጸልይ ሰው አልነበረም።

ሰፍያ ያን ሰሞን ቤቷ አትገኝም ነበር። ለሐጅ የሚነሳ ሰው የሰው ሐቅ ይዞ መሄድ የለበትም፤ ስለዚህ ያስቀየመውንም ያላስቀየመውንም ሰው ቤት ለቤት እየዞረ "አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" ይላል፣ ያም ሰው "አውፍ ብያለሁ፣ በዱዓህ አትርሳኝ" ይለዋል። ሰፍያ ከመስቃን ገጠር ጀምራ ዘመድ አዝማዱን፣ በገበያ የተጣላቻቸውን የበርበሬ ነጋዴዎች ሁሉ አዳርሳ ገና ጫማዋን ማውለቋ ነበር ሸረፋ በሩን በርግዶ ሲገባ።

"እማ፣ በጀማሉ መኪና ነው የምትሄጂው?"

"ቁጭ በል" አለችው።

"አልቀመጥም። ሰው ምን ይላል? ልጇ ገፍቷት ነው አይልም?"

"አንተ ሳትመጣ እኔ ልመጣብህ ነበር" አለች ረጋ ብላ። "ሁሉንም አዳርሼ የቀረኸኝ አንተ ነህ። በመኪናህ አልሄድ ብዬ ስላስቀየምኩህ አውፍ በለኝ ልጄ።"

እዚህ ላይ ሸረፋ ክፉ ነገር አደረገ። አፉ ቶሎ ይቀድመዋልና "በኔ መኪና ካልሄድሽ አውፍ አልልም" አላት።

ሰፍያ አልተቆጣችም። ጫማዎቿን አንስታ ግድግዳው ሥር አስተካክላ አስቀመጠች። ለሐጅ የምትሄድ እናት የልጇን አውፍ ተከልክላ መንገድ ስትጀምር ምን እንደሚሰማት ሸረፋ ያውቀዋል። እያወቀ ነው ያለው። ግን የተናገረውን መመለስ ደግሞ ለሱ ፍሬን እንደ መርገጥ ነው፤ አልለመደበትም።

"ዓመቱን ሙሉ እስክትጠይቀኝ ነበር የጠበቅኩት" አለች። "አንድ ቀን መኪናህን ታቆምና 'እማ፣ ለምን አትገቢም?' ትለኛለህ ብዬ። አንድ ቀን አላልክም። ለመጠየቅም ጊዜ የለህም።"

"አሁን ጠየቅኩ።"

"ያቺን ሲኖ የደረብክባትን ቀን ታስታውሳለህ?"

እንዴት አያስታውስ? ጋቢና ተቀምጣ የነበረችው እሷ ናት። ታሪኩን ሲያወራ ይሄን ዘሎት ነው እንጂ።

"ቁም አልኩህ" አለች። "ቁም፣ ቁም አልኩህ። 'ምን ረሳሽ?' አልከኝና ሄድክ። የረሳሁት ነገር አልነበረም። ዞር ብዬ አይቼ ነው። ያ ጋሪ ቦይ ውስጥ ተገልብጦ፣ ፈረሱ እግሩን ወደ ላይ አድርጎ ይራገጥ ነበር። አንተ አላየህም፤ ኋላህን የት ታያለህ?"

"የማን ጋሪ ነበር?" አለ ሸረፋ።

"የአሚኑ ጋሪ ነው" አለች።

አሚኑን ሸረፋ በየቀኑ ያየዋል። አርባ ዓመት የሆነው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቤቱ ከእንሴኖ ወጣ እንዳሉ በቡታጅራ መንገድ ዳር ነው። ድሮ ባለጋሪ ነበር፤ አሁን ጆንያ በጀርባው ይሸከማል። ሸረፋ ዓምና አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብሎ "አሚኑ፣ ዳማን የት አደረስከው?" ብሎት ነበር፤ ዳማ የፈረሱ ስም ነው። አሚኑም "ሞተ" አለው። "አላህ ይተካልህ" ብሎት ሄደ። ያንን አሁን አስታወሰው።

"ያን ቀን ከሰዓት በእግሬ ሄድኩና ነገርኩት" አለች ሰፍያ። "የልጄ መኪና ነው አልኩት። ቀድሞም ያውቅ ነበር። ፈረሱ ሦስት ቀን አቃስቶ ሞተ። 'ካንቺ ጋር ምንም የለኝም፣ አውፍ ብያለሁ፤ እሱ ግን ራሱ ይምጣ' አለኝ። አልከሰሰህም፣ ሽማግሌ አልላከብህም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ እንዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ። በሩጫ ደርሰህ፣ የሆነ ነገር ወርውረህለት፣ በሩጫ ትመለሳለህ። ሸረፋ፣ እኔ ካንተ ጋር መሞት አልፈራም። ልጄ ሰው ሲገድል ከጎኑ ቁጭ ብዬ ማየት ነው የምፈራው። ያን ቀን ፈረስ ነበር። ነገ ሰው ከሆነ እኔ ባላይ ይሻለኛል። እዚያ ስደርስም የምለምነው ዱዓ ይሄው ብቻ ነው።"

ሸረፋ "አውፍ ብያለሁ እማ" አላት፤ አንገቱን ደፍቶ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ምን አደረገ? ልክ እንዳለችው አደረገ። ብድግ ብሎ በሩጫ ወጣ።

አሚኑ ደጃፍ ሲደርስ ጎማው ጠጠር በተነ። አሚኑ ግቢው ውስጥ ሚስቱ ያሰጣችውን በርበሬ ጆንያ ውስጥ እየከተተ ነበር። ሸረፋ ሰላምታውን ሳይጨርስ ነገሩን ጀመረው። አላወቅኩም ነበር፣ ዛሬ ነው የሰማሁት፣ ፈረስ እገዛልሃለሁ፣ ጋሪውንም አሠራልሃለሁ፣ እናቴ ሐሙስ ሐጅ ትሄዳለች፣ ከዚያ በፊት አውፍ በለኝ። በአንድ ትንፋሽ ነው ሁሉንም ያለው።

አሚኑ ሰማው። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ከግቢው ውጭ ወደቆመችው መኪና አየ።

"ሞተሩን አላጠፋኸውም" አለው።

"አሁን እሄዳለሁ ብዬ ነው።"

"እንግዲያ ሂድ።" አሚኑ ወደ በርበሬው ተመለሰ።

ሸረፋ ትንሽ ቆመ፤ እግሮቹን እያቀያየረ፣ ቁልፍ የሌለበትን እጁን እየጨበጠ። ከዚያ ተናዶ ወጣ። ለምኜው፣ ፈረስ እገዛልሃለሁ ብዬው፣ ሌላ ምን ይፈልጋል? እያለ ቡታጅራ ድረስ ከራሱ ጋር ተጨቃጨቀ።

ማክሰኞ ቀን ቀስ ብሎ ለመንዳት ሞከረ። አትሳቁበት፣ የምሩን ነው። ከእንሴኖ ሲወጣ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ያዘው። መኪናው ውስጥ የሚጸልይ ጠፋ፤ ሴቶቹ ስለ ገበያ ማውራት ጀመሩ፣ አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ሳቁ። ሸረፋ ተሳፋሪዎቹ ሲያወሩ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ከኋላው ያሉት መኪኖች ሁሉ የሚስቁበት መሰለው። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አንድ ሚኒባስ ክላክሱን እያንጫረረ ደረበው፣ እግሩም ራሱን ችሎ ወረደ። መርፌው ወደ መቶ ሲጠጋ ከኋላ አንዲት ሴት "ላ ኢላሃ" ስትል ሰማት። ዛሬ ግን ምን እንደሆነ ያውቃል። እንዲያም ሆኖ እግሩን ማንሳት አቃተው። ያን ሚኒባስ እስኪያልፈው ድረስ አላነሳውም።

ቡታጅራ ሲደርስ ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ። ይሄ ነገር ከኔ አይደለም እንዴ የሚመጣው? ማነው የሚነዳኝ? አለ በልቡ። ረቡዕ ሥራ አልገባም። ሩፋይዳ፣ ሚስቱ፣ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል አይታ "አሞሃል?" አለችው። "አላመመኝም" አላትና መዞሩን ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ዑመይርን ጠርቶ ቁልፉን ሰጠው። "ነገ አንተ ሥራ" አለው። ዑመይር "ሐሙስ? እናትህን አንተ አይደለህም እንዴ የምትሸኘው?" ሲለው ወደ ቤት ገባ።

ሐሙስ ማለዳ ሸረፋ እናቱ ቤት ሄዶ እጇን ሳመ። "አሚኑ ጋ እሄዳለሁ" አላት። "ስታልፉ እዚያ ታገኙኛላችሁ።" በእግሩ ነው የሄደው፤ ግማሽ ሰዓት ወሰደበት። ለሱ ግማሽ ቀን ነበር።

አሚኑ እንደገና በርበሬ ጆንያ ላይ ነበር። ሰላም ተባባሉ። ሸረፋ ስለ ፈረስ አላነሳም። "አውፍ እንድትለኝ ነው የመጣሁት" አለ ብቻ።

አሚኑ ቀና ብሎ አየው። "በየቀኑ ሰላም ስትለኝ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቄሃለሁ" አለ። "አንተም ትንሽ ጠብቅ።" ደጃፉ ላይ የተጋደመ ግንድ ላይ እንዲቀመጥ በእጁ አመለከተውና ሥራውን ቀጠለ።

ሸረፋ ተቀመጠ። መቀመጥ ከተባለ ነው፤ ጉልበቱ ይዘላል፣ ጣቶቹ ይነቃነቃሉ። ከመንገዱ የሚሰማው ሞተር ሁሉ ያስነሳዋል። አይሱዙ አለፈ። ሁለት ባጃጅ አለፈ። አንድ ቃል ነው የፈለገው፣ አንድ ቃል ለመናገር ስንት ጊዜ ይወስዳል? ደግሞ እናቱ አሁን ተነስታ ይሆናል፣ ሰዉ መንዙማውን እያለላት ይሆናል፣ እሱ ደግሞ እዚህ የሰው ግንድ ላይ ተቀምጧል። ሁለቴ ብድግ ብሎ ሁለቴ ተመልሶ ተቀመጠ። አሚኑ አላየውም፤ ወይም አይቶ አላየም አለ። አንዱን ጆንያ ሰፍቶ ወደ ሁለተኛው ዞረ።

የጋሽ ጀማሉ መኪና የመጣችው ሁለተኛው ጆንያ ሲሰፋ ነው። እያዘገመች መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሰፍያ ነጭ ለብሳ ጋቢና ተቀምጣለች፣ ከኋላ የሚሸኟት ሴቶች ሞልተዋል። ሸረፋና አሚኑ ወደ መስኮቱ ሄዱ።

"አውፍ አለህ?" አለችው ሰፍያ፣ ልጇን እያየች።

"ገና ነው" አለ ሸረፋ።

ሰፍያ አሚኑን አየችው፤ አሚኑ መሬት መሬቱን አየ። አልለመነችውም። የልጇን ራስ በመስኮት ስባ ግንባሩን ሳመችውና "እንግዲያ ቆይ" አለችው። "እኔን ጀማሉ ያደርሰኛል።"

"አውሮፕላን ማረፊያ ሳልመጣ?"

"ቆይ አልኩህ።" ዕንባዋን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች። መኪናዋ ሄደች፣ ሸረፋም አስፋልቱ ላይ ቀረ። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሩጥ፣ ተከተላት ይለዋል። አልሮጠም።

አሚኑ ጆንያዎቹን አመጣ። "ወፍጮ ቤት ነው የሚሄደው" አለ። "ቅርብ ነው። አንዱን ያዝልኝ።"

በመንገዱ ግራ ዳር እየተከታተሉ ሄዱ። በርበሬው አፍንጫ ያቃጥላል፣ ጆንያው አንገት ይቆርጣል። ሸረፋ በዚህ መንገድ በቀን ስድስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ግን ከአስፋልቱ ዳር ይሄን ያህል ቦይ መኖሩን፣ ይሄን ያህል ሰው በእግሩ መሄዱን አያውቅም ነበር። ብዙም ሳይርቁ አሚኑ ድንገት ቆመ። የሆነ ነገር ሰምቷል። ጆንያውን ጥሎ የሸረፋን ክንድ ያዘና ወደ ቦዩ ጎተተው።

ከኋላቸው አንድ አይሱዙ እየመጣ ነበር። አይሱዙውን የሚደርብ ሚኒባስ ደግሞ የነሱን ዳር ይዞ ወጥቷል። ሸረፋ ያየው የመኪናውን ጎን ብቻ ነው። ንፋሱ ደረቱን መታውና ከነጆንያው በቂጡ ቦይ ውስጥ ተቀመጠ፤ ጠጠር ፊቱ ላይ ተበተነ። ቀና ሲል ዶልፊኗ ርቃ ሄዳለች። ያሳጠባቸው የወንበር ጨርቆች በኋላው መስታወት ይታዩ ነበር።

"ዑመይር ነው" አለ። "አላየኝም።" አሚኑ ከልብሱ ላይ አቧራውን አራገፈ። "አሚኑ፣ አላየኝም እኮ። መሪ ያስያዝኩት እኔ ነኝ።"

ስልኩን አወጣ። ዑመይርን ሊደውልለት ጀምሮ ተወው፤ ዑመይር እየነዳም ስልክ ያነሳል፣ ያንንም ያስተማረው እሱ ነው። ያኔ መንገዱን ተከትሎ ወደፊት አየ፤ ከፊት ማን እንዳለ ገባው። ጋሽ ጀማሉ በስልሳ ነው የሚሄዱት። ከፊት ሆኖ ቀስ የሚል መኪና ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ሸረፋ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያሳክካል።

እናቱ ጋ ደወለ። እስክታነሳ ድረስ አራቴ ጠራ፣ እሱም አራት ጊዜ ሞተ።

"እማ፣ ጋሽ ጀማሉ ዳር እንዲይዙ ንገሪያቸው። አሁን። ከኋላችሁ መኪና እየመጣ ነው።"

"ምን መኪና?"

"የኔ።"

ምንም አልጠየቀችም። "ጀማሉ፣ ዳር ያዝ" ስትል ሰማ። የሴቶቹ መንዙማ ተቋረጠ። ከዚያ ሞተር፣ ጠጠር ሲፈጭ፣ ከዚያ ክላክስ፣ እየቀረበ የሚመጣ ክላክስ። ሸረፋ ስልኩን ጆሮው ላይ ተጭኖ ዓይኑን ጨፈነ። እዚህ ቦይ ውስጥ ተቀምጦ ፍሬን መርገጥ አይችልም፣ መሪ ማዞር አይችልም፤ ምንም ማድረግ አይችልም። ከንፈሮቹ ብቻ ይንቀሳቀሱ ነበር። ምን እያለ እንደሆነ የሰማው አሚኑ ነው፤ "ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ" ይል ነበር።

"አለፈን" አለች ሰፍያ። "አልሐምዱሊላህ፣ አለፈን ልጄ። ቆመናል። ደህና ነን።"

ሸረፋ ሊመልስላት ፈልጎ ልቅሶ ቀደመው። እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱ በስልኩ ውስጥ "ሸረፋ? ሸረፋ?" ትላለች።

አሚኑ አጠገቡ ቁጭ አለና ስልኩን ከእጁ ወሰደ።

"እማማ ሰፍያ፣ አሚኑ ነኝ" አለ። "አውፍ ብዬዋለሁ። በሰላም ሂጂ።"

ስልኩን ለሸረፋ መልሶ ሰጠውና ጆንያውን ትከሻው ላይ አደረገ።